ስለ መጻሕፍት ዝርዝርና ስለ ማብራሪያው



ከመካከላችሁ ለሁለተኛ ዲግሪ የምትዘጋጁ ስላላችሁ፤ በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ለጥናት ጽሑፌ አርባ ያህል መጻሕፍት ዘርዝሬ፤ በየሥራቸው ማብራሪያ ጽፌ ለመምህሬ አቀረብሁ። እርሳቸውም በአንዱ ላይ ጣታቸውን አኑረው፤ «ይህን መጽሐፍ ከፍተኸዋልን?» ሲሉ ጠየቁኝ። አልከፈትሁትም ነበር። ማብራሪያውን የቀዳሁት ከሌላ ሰው ዝርዝር ነው።

ማብራሪያ ማለት የመጽሐፉን አርእስት በሌላ ቃል መድገም አይደለም። ደራሲው ምን ጥያቄ አነሣ፤ ማስረጃውንስ ከወዴት አገኘ፤ ለያዝነው ጥናት የሚረዳው የትኛው ምዕራፍ ነው፤ ምንስ ይጐድለዋል የሚለውን በአራት በአምስት መስመር መመለስ ነው።

በአገራችን መጻሕፍት ላይ ደግሞ የዘመንና የስም ችግር ይጨመራል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ቈጥረው ያሳተሙት በ1904 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1911 ወይም 1912 መሆኑ ነው። ተማሪው አቈጣጠሩን ሳይገልጽ «1904» ብቻ ቢጽፍ፤ የውጭ አገር አንባቢ መጽሐፉን ከመታተሙ ሰባት ስምንት ዓመት አስቀድሞ ይፈልገዋል። እንዲሁም እኒሁ ደራሲ በአንድ ካርድ «ኅሩይ»፤ በሌላው በአባታቸው ስም «ወልደ ሥላሴ» ተብለው ቢመዘገቡ፤ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል። (እኔም እንዲህ ያለውን ስሕተት ሠርቻለሁ።)

ስለዚህ ተማሪዎቼ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ መጽሐፉን ያዩበትን ቤተ መጻሕፍትና ያነበቡበትን ቀን እንዲጽፉ፤ ያላዩትንም «አላየሁትም» ብለው እንዲያመለክቱ አዘዝሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከቀረቡልኝ ካርዶች በብዙዎቹ ላይ ያነበብሁት ይህንኑ ቃል ነበር፤ ማንንም አልገሠጽሁም።