የአንገት ዕጢና የጨው ነገር

ዛሬ የምንነጋገረው በአንገታችን ላይ ስለምትገኝ አንዲት ትንሽ ዕጢ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥታችሁ በደምበጫ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ለመንግሥት ሥራ ተጉዛችሁ እንደ ሆነ፣ በገበያ ቀን በርበሬና በቆሎ ይዘው ከሚመጡት ሰዎች፣ ይልቁንም ከሴቶቹ መካከል፣ አንገታቸው በእንቅርት ያበጠ ሳታዩ አትቀሩም። አገሩ ለምለም፣ ዝናሙ የበዛ፣ ምድሩም እህል የማይነፍግ ነው። እንግዲህ እንዲህ ባለ የጥጋብ አገር የሚኖር ሰው ምን አጥቶ አንገቱ ያብጣል? ይህን ለመረዳት አስቀድሞ የዕጢዎችን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል።

በሰውነታችን ውስጥ ያሉት ዕጢዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የላብና የምራቅ ዕጢዎች የሠሩትን በየቦያቸው ያፈሳሉ። ቦይ የሌላቸው ግን ሆርሞን የሚባለውን ንጥረ ነገር በቀጥታ ለደም ያስረክባሉ፤ ደሙም እንደ ታማኝ ፖስተኛ ወደሚፈለግበት ሁሉ ያደርሰዋል። ቆሽት ኢንሱሊን በተባለው ሆርሞን የደማችንን ስኳር ይቆጣጠራል፤ ከኩላሊቶቻችን በላይ የተቀመጡት ሁለት ዕጢዎች ደግሞ ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስሮጠውን አድሬናሊን ይሰዳሉ። ስለ እነዚህ ብዙ ማለት ይቻላል፤ የዛሬው ጊዜያችን ግን ለታይሮይድ ዕጢ ነው። ይህች ዕጢ ከማንቁርት በታች እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ግራና ቀኝ ተዘርግታ ትገኛለች።

ሥራዋ የመላው ሰውነት ሥራ በምን ፍጥነት እንዲካሄድ መወሰን ነው። ታይሮክሲን የተባለው ሆርሞኗ ሲያንስ ሰው በቀትር ፀሐይ ይበርደዋል፣ እንቅልፍ ይጫነዋል፣ ሐሳቡ ይንቀራፈፋል፤ ሲበዛ ደግሞ እየበላ ይከሳል፣ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። በየመሥሪያ ቤቱ «ሰነፍ» እየተባሉ ከሚወቀሱት ባልደረቦቻችን አንዳንዱ የሐኪም ምርመራ የሚያስፈልገው ሊሆን ይችላል፤ ሰነፍ ሁሉ በዕጢው ያመካኝ ማለታችን ግን አይደለም።

ታይሮይድ በራሷ ፈቃድ ብቻ አትሠራም። ከአንጎል ሥር የምትገኘው፣ የአተር ፍሬ የምታህለው ፒቱታሪ ዕጢ የበላይ ኃላፊዋ ናት። በደም ውስጥ ታይሮክሲን ሲያንስ «ጨምሪ» የሚል ትእዛዝ በሌላ ሆርሞን አማካይነት ትልካለች፤ ሲበቃ ትእዛዟን ትቀንሳለች። ችግር የሚመጣው ጥሬ ዕቃው ሲጠፋ ነው። ታይሮክሲን ያለ አዮዲን አይሠራም፤ አዮዲን ከሌለ ትእዛዙ ቢደጋገምም ሥራው አይወጣም። አለቃ ወረቀት ሳይሰጥ ደብዳቤው ዛሬውኑ ተጽፎ ይውጣ እያለ ጸሐፊውን ቢያጣድፍ የሚሆነውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ዕጢዋም በዚህ ጥድፊያ በደም ውስጥ ያለውን ጥቂት አዮዲን ለመልቀም ስትል ትሰፋለች፣ ታብጣለች። እንቅርት የሚባለው ይኸው ነው።

ለአንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም፣ ይኸውም አንድ ግራም በሚሊዮን ቢከፈል 150ው እጅ ብቻ ነው፤ የ70 ዓመት ዕድሜ ድርሻ ተደምሮ 4 ግራም አይሞላም። ይህን ያህል ትንሽ ነገር የጎጃም አፈር ለምን ነፈገ? አዮዲን በውኃ ይታጠባል። በተዳፋቱ ምድር ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት የዘነበው ዝናም አፈሩን እያጠበ በብርና በፈጣም ወንዞች ወደ ዓባይ ሰዶታል፤ በዚያ አፈር የበቀለው እህል ሆድ ቢያጠግብም አዮዲኑ አነስተኛ ነው። በዚህም ላይ ጎመን ዕጢዋ አዮዲን እንዳትወስድ የሚያግድ ነገር አለበት፤ አዮዲን ያላጠረውን ሰው ግን ጎመን አይጎዳውም።

ሕዝባችን እንቅርትን ከመልመዱ የተነሣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብሎ ተርቶበታል፤ ከእናቶቻችንም አንዳንዶቹ አንገታቸውን የተነቀሱት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርትን ይከላከላል ብለው ጭምር ነው። ይሁን እንጂ ከሁሉ የከፋው ጉዳት አንገት ላይ አይታይም። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን ታይሮክሲን አይሠራም፤ አንጎሉ የሚታነጸው በእናቱ ሆርሞን ነው። እናቲቱ አዮዲን በብርቱ ካጣች ልጁ መስማትና መናገር የተሳነው፣ አእምሮውም አካሉም ያልዳበረ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ጉድለቱ ቀለል ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ልጁ ጤነኛ መስሎ ያድግና ትምህርት አልገባው ይላል፤ መምህሩም ስንፍናው ነው ብሎ ይፈርድበታል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሴት በቀን 250 ማይክሮግራም እንድታገኝ ይመክራል።

እንደ እኛው ተራራማ በሆነችው በስዊዘርላንድም ይኸው ችግር ነበር፤ መፍትሔውም እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ አዮዲን ከጨው ጋር መቀላቀል ሆነ። ጨው የተመረጠው ድኻውም ባለጠጋውም በየቀኑ በመጠን የሚበላው ስለሆነ ነው። በአገራችን አዮዲን ያለው ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ገበያውን የያዘው የአፍዴራ ጨው ደግሞ አዮዲን አልነበረበትም። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 89 ደረሰ። አንድ ደንብ በ5 ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሲሠራ ማየት እኛን የቢሮ ሰዎች ደስ ያሰኘናል።

ይሁንና የደንብ ሥልጣን እስከ ወጥ ቤት አይደርስም። አዮዲንን ፀሐይ፣ እርጥበትና ብርቱ ሙቀት ያጠፉታል። ጨው ታጥቦ ከገባ አዮዲኑ ከእጣቢው ጋር ይደፋል፤ ከበርበሬ ጋር ተወቅጦ ፀሐይ ላይ ከተሰጣም እንዲሁ ይባክናል። ስለዚህ በተከደነ ደረቅ ዕቃ መቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር አለበት። ለብዙ ዓመት የቆየ ትልቅ እንቅርት ግን በጨው ብቻ አይጠፋም፤ ይልቁንም የጠጠረ፣ በፍጥነት የሚያድግ ወይም ድምፅ የሚያሻክር ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ከሱቅ የገዛችሁት ጨው አዮዲን እንዳለበት በዓይን አይለይም። የጤና ሠራተኞች ለዚሁ የተዘጋጀ ፈሳሽ አላቸው፤ አንዲት ጠብታ በጨው ላይ ሲያሳርፉ ጨው ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ሐምራዊ ከተለወጠ አዮዲን አለበት፤ ነጭ እንደ ሆነ ከቀረ የለበትም።