የአባቱን ስም ይዞ የመጣ ልጅ

በይጁቤ በተደረገው የየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦችና የለጋሾች ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር







እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «ስደት በታሪክ» የሚል ነው። ርዕሱ እጅግ ሰፊ በመሆኑ ሁሉንም ለመዳሰስ አልሞክርም። ባለፈው ስብሰባችን ተነሥቶ መልስ ሳያገኝ ያደረ ጉዳይ ስላለ ታሪኩን ወደዚያ አመጣዋለሁ። እንደምታስታውሱት ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ እኛ የመጡ እናቶች ልጆቻቸውን በየቲም መዝገባችን ለማስመዝገብ ጠይቀው፣ የባላቸውን ሞት የሚገልጽ ማስረጃ አላቀረባችሁም ተብለው ተመልሰዋል። ከመካከላችንም «ተራ የሚጠብቅ የአገሩ ልጅ እያለ እንዴት ይሆናል?» ያለ ሰው ነበር። ይህ አነጋገር ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ገንዘባችን ጥቂት ነው። አንድ ደግ ቤተሰብ ደግሞ «ልጁን ስጡን፤ በእኛ ስም አስመዝግበን እንደ አብራካችን ክፋይ እናሳድገው» ሲል ጠይቋል። የማስረጃውና የስሙ ጥያቄ የተለያዩ ይመስላሉ። እኔ ግን አንድ ሥር እንዳላቸው አምናለሁ።

እንደሚታወቀው የመካ ቁረይሾች በሙስሊሞች ላይ የሚያደርሱት ሥቃይ በበረታ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸው ወደ ሐበሻ ምድር እንዲሻገሩ አመለከቱ። በመጀመሪያው ጉዞ ዑስማን ኢብን ዐፋንና ባለቤታቸው የነቢዩ ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ) ነበሩ። በኋላ የተሻገሩት ሲጨመሩ የወንዶቹ ቁጥር ብቻ ከ80 በላይ ደረሰ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ገጸ በረከት አስይዘው ስደተኞቹን ለማስመለስ ላኩ። ንጉሡ ነጃሺ የተከሳሾቹን ቃል ሳይሰማ አሳልፎ እንደማይሰጥ ገለጸ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) አዳመጠ፤ ገጸ በረከቱንም መለሰ። ይህን ሁላችንም በመድረሳ የተማርነው ስለሆነ አላራዝመውም።

እኔን ይልቅ የሚገርመኝ ከፍርዱ በኋላ ያለው፣ ብዙም የማይተረክ ዘመን ነው። ጃዕፈርና አብረዋቸው የቀሩት በዚህች ምድር ከአሥር ዓመት በላይ ኖረዋል። ስደተኛን ለአንድ ሌሊት ማሳደር ብዙ ሰው ይችለዋል፤ አሥር ዓመት ማኖር ግን ሌላ ነገር ነው። በእነዚያ ዓመታት የጃዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ዐብዱላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን ወለዱ። ስሞቹን ልብ በሉ፤ በክርስቲያን ንጉሥ አገር የተወለዱ ሕፃናት ወላጆቻቸው በመረጡላቸው ስም ተጠሩ። ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ደግሞ ባላቸው በስደት ሳሉ ሃይማኖቱን ለውጦ በዚያው እንደሞተ ይተረካል። እሳቸው በእምነታቸው ጸኑ። ከሴት ልጃቸው ጋር በባዕድ አገር ብቻቸውን የቀሩትን እኚህን እናት ንጉሡ አላስገደደም፤ እንዲያውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባጯቸው ጊዜ መህሩን ከራሱ ከፍሎ በክብር ሸኛቸው።

የጃዕፈር ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ628 መዲና ደረሰ። ዓመት ከጥቂት ወራት እንኳ በቅጡ ሳይቆዩ ጃዕፈር በሙእታ ዘመቻ፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ሰማዕት ሆኑ። ሐበሻ ላይ በስደት የተወለዱት ሦስት ሕፃናት መዲና ላይ የቲም ሆኑ ማለት ነው።

የሐዲስና የታሪክ መጻሕፍት ያንን ቀን ከነዝርዝሩ አቆይተውልናል። አስማእ ሊጡን አቡክተው፣ ልጆቹን አጥበውና ቅባት ቀብተው ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገቡ። የጃዕፈርን ልጆች አስጠርተው አቅፈው አሸተቷቸው፤ ዓይኖቻቸውም እንባ አፈሰሱ። እናቲቱ ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ነቢዩ ወደ ቤታቸው ተመልሰው፣ የጃዕፈር ቤተሰብ በኀዘን ተይዟልና ምግብ እንዲሠራለት አዘዙ። በአገራችን ለኀዘንተኛ እንጀራና ወጥ ይዘን ስንሄድ የማንን ፈለግ እንደምንከተል የምናስታውሰው ስንቶቻችን ነን? ከሦስት ቀን በኋላም ተመልሰው ልጆቹን ጠሩ፤ ፀጉራቸውም እንዲላጭ አደረጉ። ሙሐመድ አጎታቸውን አቡ ጧሊብን፣ ዐብዱላህ ደግሞ እሳቸውን ራሳቸውን እንደሚመስል ተናገሩ። እናቲቱ የልጆቹን የቲምነት አንሥተው ሲያማርሩ፣ በዱንያም በአኺራም የልጆቹ ኃላፊ እሳቸው መሆናቸውን ነገሯቸው።

እንግዲህ ልጁ ማንን እንደሚመስል መናገር ምን ይጠቅማል? ልጁ ከማን እንደመጣ በሰው ፊት መመስከር ነው። ዐብዱላህ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥላ ሥር አድጎም እስከ ሞቱ ዐብዱላህ ኢብን ጃዕፈር ተባለ፤ በልግስናውም ስሙ የተጠራ ሰው ሆነ። የኡሙ ሰለማ ልጅ ዘይነብም እንዲሁ ናት። እሷም ሐበሻ ላይ እንደተወለደች ይተረካል። አባቷ ከኡሑድ ቁስላቸው ሳቢያ ሲሞቱ እናቷን ነቢዩ አገቡ፤ እሷም በነቢዩ ቤት አደገች፤ ከመዲና ሴቶች በዲን ዕውቀቷ የታወቀች ሆነች። ሆኖም እስከ ዛሬ የምትታወቀው ዘይነብ ቢንት አቢ ሰለማ በሚለው ነው። በዚያ ቤት ማደጓ እንኳ የሟች አባቷን ስም አላስቀረም።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ ልመለስ። ይህች የተሰበሰብንባት ይጁቤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስመ ጥሩው የባሶ ገበያ መገኛ ነበረች። ዐባይን ተሻግሮ ከጉዱሩ፣ ከእናርያና ከጅማ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ እዚህ ይራገፍ ነበር። ከሰሜን የሚመጣውም የአሞሌ ጨው እዚሁ ይለወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም የቆየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለ ገበያው ጽፏል። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ሙስሊሙ የርስት መሬት እንዳይኖረው በተከለከለበት ዘመን ንግድና ሽመና መተዳደሪያው ሆነው ቆይተዋልና። በዚህ ታሪክ ስንኮራ እሰማለሁ፤ ተገቢም ነው።

ነገር ግን በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከወንዙ ማዶ በጦርነትና በአፈና ከወላጆቻቸው የተነጠቁ፣ ብዙዎቹም ገና ሕፃናት የነበሩ፣ በእኛው ነጋዴዎች ጭምር ተነድተው እዚህ ደርሰዋል። ይህን በእንዲህ ያለ ስብሰባ ማንሣቴ ደስ የማይለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ይቅርታ አልጠይቅም። ገዢው ልጁን ሲወስድ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር አዲስ ስም ማውጣት ነበር። ልጁ ምግብና መጠለያ ያገኝ ይሆናል፤ የአባቱ ስም ከጠፋ በኋላ ግን ዘመድ ቢፈልገው በምን ያገኘዋል?

ሃይማኖትን አስገድዶ ማስለወጥም ከዚህ አይርቅም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የጊዜ ገደብ ሰጡ። የወሎው ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። እንደ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉት ተቃወሙ። ብዙ ቤተሰብም ልጆቹን ይዞ ወደ ደቡብና ወደ ሱዳን ወሰን ተሰደደ። ጅማ ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ነበረች። ከዚያ ሦስት መቶ ተኩል ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመን፣ የተሳደዱት ክርስቲያኖች እንደነበሩም አንርሳ፤ ዐፄ ልብነ ድንግል እንኳ ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሹ ኖረው በ1540 (እ.ኤ.አ.) በደብረ ዳሞ ሞቱ። የስደት ታሪክ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም።

ከሁሉ ለጉዳያችን የሚቀርበው ግን የ«አርባ ልጆች» ታሪክ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም የሚኖሩ፣ የሙዚቃ ባንድ ያቋቋሙ የሙት ልጆችን አዩ። እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ በኦቶማን መንግሥት ሥር ከተፈጸመው እልቂት የተረፉ ነበሩ። እልቂቱን የፈጸመው የሙስሊሞች መንግሥት መሆኑን መሸፋፈን አይገባም። በዚያው ወቅት በሀለብና በአካባቢው ብዙ የአርመን ሕፃናትን ቤታቸው አስገብተው ከሞት ያተረፉ ሙስሊም ቤተሰቦች እንደነበሩም እናውቃለን፤ ከእነዚህም መካከል የልጆቹን ስም የለወጡ ነበሩ። ራስ ተፈሪ 40ዎቹን ልጆች በዚያው ዓመት አዲስ አበባ አስመጥተው አሠልጣኝ መደቡላቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የቀድሞውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ልጆቹ የንጉሥ እንግዶች ሆነው የመጡት ከነአርመን ስማቸው ነበር። የናልባንዲያን ስም ዛሬም በአገራችን የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ሲጠራ የጠፉ አባቶች ስም አብሮ ይጠራል ማለት ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ አሁን ወደ እነዚያ እናቶች እንመለስ። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀለው ሕዝብ በቻግኒ በራንች መጠለያ ሰፍሮ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ከወለጋ ብዙ ቤተሰብ ወደ አማራ ክልል ተሻግሯል፤ በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ በመተማ በኩል የገባውን ሰው አይተናል። በዚያው ዓመት መጨረሻም ግጭቱ ወደ ራሳችን ክልል መጣ። ሌሊት ቤቱ እየነደደ የወጣች ሴት የሞት ምስክር ወረቀት ከየት ታመጣለች? ወረቀቱን ይሰጥ የነበረው ቀበሌስ በቦታው አለን? ማስረጃ መጠየቃችን ለአማና ስንል ነው፤ መጠየቁን እንተው አልልም። ከአንድ መንደር የወጡ ሁለት የታመኑ ጎረቤቶች ቃል ግን በቂ ይሁን እላለሁ። በትዳርና በውርስ እንኳ የሰው ምስክርነት እንቀበል የለምን?

«በእኛ ስም እናሳድገው» ላለው ቤተሰብ አላህ ምንዳችሁን ያብዛላችሁ እላለሁ። የሁለቱን ጣቶች ሐዲስ የማያውቅ እዚህ የለም፤ የየቲም አሳዳጊ ደረጃ የት እንደሆነ አልነግራችሁም። ልጁን ውሰዱ፤ አልብሱት፤ ከልጆቻችሁ ጋር አስተምሩት። የአባቱን ስም ግን ተዉለት። ዲናችን አሳዳጊነትን ፈቅዶ ልጅን ወላጁ ላልሆነ ሰው ማስጠራትን የከለከለው በከንቱ አይደለም። ነገ ሰላም ሲወርድ ያ ልጅ ከዐባይ ማዶ የአባቱን መሬትና ቤት ሲጠይቅ በማን ስም ይጠይቃል? አጎቱ በሕይወት ቢኖርና ቢፈልገው፣ የማን ልጅ ብሎ ይጠይቃል? እህቱን ሌላ ቤተሰብ አሳድጓት ቢሆን፣ ወንድምና እህት ሳይተዋወቁ ለጋብቻ ቢተጫጩስ? ይህ የማይደርስ ነገር አይደለም።

የተራውን ጉዳይ በተመለከተ፣ የአገሩን ልጅ ተራ ወስዶ ለእንግዳው መስጠት ፍትሕ አይሆንም። የሚያስፈልገው ሌላ ሣጥን ነው። የዘካ ገንዘብ ለማን እንደሚሰጥ የታወቀ ሕግ አለው፤ በዚያ ላይ ዑለሞቻችን ይመሩናል። ሶደቃ ግን ሰፊ ነው፤ ለሙስሊሙም ሙስሊም ላልሆነውም ይሆናል። ከተፈናቃዮቹ መካከል ክርስቲያን እናቶች አሉ። ነጃሺ ለአስማእ ልጆች ያደረገውን እኛ ለእነሱ ልጆች ለማድረግ ከሶደቃው ሣጥን ማውጣት እንችላለን። ልጆቹንም በስማቸው እንጠራቸዋለን፤ ወለተ ማርያም ከሆነች ወለተ ማርያም፣ ጫልቱ ከሆነች ጫልቱ።

ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አዲስ መዝገብ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ዓምድ የልጁ ስም ነው፤ ሁለተኛው የአባቱ፣ ሦስተኛው የአያቱ፣ አራተኛው የተወለደበት ቀበሌ፣ ቀጥሎ የሁለቱ ምስክሮች ስም። የአሳዳጊው ስም በመጨረሻው ዓምድ ነው። ባለፈው የተመለሱት እናቶች ዛሬ ከዙህር በኋላ እንዲመጡ መልእክት ተልኮላቸዋል። ጽሕፈት የሚችሉ ወጣቶች ከሶላት በኋላ ባትበተኑ፣ እናንተም ከአንድ መንደር የመጡትን የምታውቁ ለምስክርነት ብትቆዩልን።