በፕራግ ስላለው የአይሁድ ሠፈር



ዛሬ ልንነግራችሁ የመረጥነው በቼክ ዋና ከተማ በፕራግ ስለሚገኘው፥ ዮሴፎቭ ስለሚባለው የአይሁድ ሠፈር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በዚያ ያለው «አሮጌ-አዲስ» የሚባለው ምኩራብ በ13ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ሲሆን እስከ ዛሬ ጸሎት ይደረግበታል። በአጠገቡ ባለው ማዘጋጃ ቤት ላይ የዕብራይስጥ ፊደል ያለበት ሰዓት ተሰቅሏል፤ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ ሁሉ ሰዓቱም ወደ ግራ ይዞራል። ይህን ባነበብን ጊዜ መሳቃችን አልቀረም።

መቃብሩ ግን አያስቅም። ቦታው ስለ ጠበበ፥ ዐፅም ማፍለስም በሕጋቸው ስላልተፈቀደ፥ በአሮጌው መቃብር ላይ አፈር እየጨመሩ ሌላውን ቀበሩ፤ ከዚህም የተነሣ 12,000 ያህል የድንጋይ ሐውልቶች ተደጋግፈው ቆመዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን የፒንካስ ምኩራብ ነው። በናዚዎች እጅ ያለቁት ወደ 80,000 የሚጠጉ የቦሄሚያና የሞራቪያ አይሁድ ስማቸው ከ1954 እስከ 1959 በግድግዳው ላይ በእጅ ተጻፈ። በ1968 ግን ከመሬት በሚወጣው እርጥበት ምክንያት ምኩራቡ ተዘጋ፤ ጽሕፈቱም ጠፋ። የኮሙኒስቱ መንግሥት ከወደቀ በኋላ፥ ከ1992 እስከ 1996፥ እያንዳንዱ ስም እንደገና ተጻፈ። ከስሙ ቀጥሎ የልደት ቀን፥ ከዚያም ሰውየው በሕይወት መኖሩ የታወቀበት የመጨረሻው ቀን ይነበባል።