ልጆቻችን 7ኛ ክፍል ሲገቡ

(በማህበራችን የወላጆች ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)

ሰብሳቢያችን ስለ ልጆች እንግሊዝኛ እንድናገር ሲጠይቁኝ «እኔ እኮ መምህርት አይደለሁም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ» ብያቸው ነበር። እሳቸውም «ገንዘቡ የሚወጣው በአንቺ ፊርማ ነው፤ የሚወጣበትንም ምክንያት አንቺው ንገሪን» አሉኝ። እሺ ብዬ ቀርቤያለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በዘንድሮው በጀት ለልጆች ትምህርት ድጋፍ ተብሎ የተያዘ ገንዘብ አለን፤ ብዙ አይደለም። ሁለት ሐሳብ ቀርቦበታል። አንደኛው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የእንግሊዝኛ ንግግር የሚያለማምድ አስተማሪ እንቅጠር የሚል ነው። ሁለተኛው ገንዘቡን ወደ 7ኛ ክፍል ለሚያልፉትና 7ኛ ላይ ላሉት እናውለው የሚል ነው። የሚወስነው በሚቀጥለው ወር የሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። እኔ ሁለተኛውን እደግፋለሁ።

እዚህ አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማረው አብዛኛው ልጅ እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአማርኛ ይማራል። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ አለ፤ ግን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። 7ኛ ክፍል ሲገባ መጽሐፉ ሁሉ በአንድ ክረምት ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል። ይህ ለውጥ 9ኛ ክፍል ላይ የሚመጣባቸው ክልሎች አሉ፤ የእኛ ልጆች ግን ገና በ12 እና በ13 ዓመታቸው ይጋፈጡታል።

አስቡት። ልጁ 6ኛ ክፍል ላይ ክፍልፋይ ተምሯል። ላዕል የቱ እንደሆነ፣ ታህት የቱ እንደሆነ ያውቃል፤ ጠይቁት፣ ቶሎ ይመልሳል። መስከረም ላይ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ያንኑ ክፍልፋይ ጽፎ «ኒውመሬተር»፣ «ዲኖሚኔተር» ሲል ልጁ አዲስ ነገር የመጣ ይመስለዋል። የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ይቆጥራል። «ፕሮዳክት» ሲባል ደግሞ ሱቅ ውስጥ ያለ ዕቃ ይመስለዋል፤ በሒሳብ ግን ብዜት ማለት ነው። እኔም ኮሌጅ ስገባ «ኢንተረስት» ማለት ፍላጎት ነበር የሚመስለኝ። ወለድ መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ነው፤ ዛሬ እንጀራዬ ሆኗል።

የወር ቁጠባ ልትከፍሉ ስትመጡ ከብዙዎቻችሁ የምሰማው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው። «ልጄ እስከ 6ኛ ክፍል ጎበዝ ነበር፣ 7ኛ ሲገባ ሰነፈ።» እኔ ሰነፈ ብዬ አላምንም። እውቀቱ እዚያው አለ፤ የሚጠራበት ስም ነው የተቀየረበት። ስሙን የሚነግረው ሰው ሲያጣ መሸምደድ ይጀምራል፣ ሽምደዳው ሲበዛበት ደግሞ ይተወዋል።

እኔ 9ኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ዓ.ም. ነው። በዕድሜ የሚቀርቡኝ ታስታውሳላችሁ፣ ፕላዝማ የገባበት ጊዜ ነው። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ አስተማሪዋ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ ጥያቄ ትጠይቅና ለመልሱ ጥቂት ሰከንድ ትሰጣለች። እኛ ጥያቄው ምን እንደሆነ ስንጠያየቅ እሷ «ቬሪ ጉድ» ብላ አልፋለች። ማን መለሰላት? አሁን ስናወራው ያስቀናል። ያኔ ግን ከክፍላችን ብዙ ጎበዝ ልጆች «እኔ ለትምህርት አልተፈጠርኩም» ብለው ወጡ። ስክሪኑ ሲጠፋ በቀረችው ደቂቃ የሒሳብ መምህራችን ቶሎ ቶሎ በአማርኛ ይነግረን ነበር። የ10ኛ ክፍል ፈተናን አልፌ ዲፕሎማዬን የያዝኩት በዚያች ደቂቃ ነው ብል ብዙም አልተሳሳትኩም።

በካናዳ ያስተምር የነበረ ጂም ከሚንስ የሚባል ምሁር ከብዙ ዓመታት በፊት የጻፈው ነገር አለ። ወደ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር የሄደ ልጅ ለጨዋታና ለሰላምታ የሚበቃውን እንግሊዝኛ በ2 ዓመት አካባቢ ይይዛል። መጽሐፍ አንብቦ የሚረዳበትን፣ ፈተና የሚሠራበትን እንግሊዝኛ ለመያዝ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። ልብ በሉ፤ ይህ የተባለው መንገዱም፣ ሱቁም፣ ጎረቤቱም እንግሊዝኛ በሚናገርበት አገር ላለ ልጅ ነው። የእኛ ልጅ ከክፍል ሲወጣ እንግሊዝኛው እዚያው በር ላይ ይቀራል። በአማርኛ አፉን ያልፈታም አለ፤ ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ ወይም ወላይትኛ ተናግሮ አማርኛን ሰፈር የተማረ ልጅ፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛው ነው።

ለዚህ ነው ለትንንሾቹ ንግግር ማለማመድ ገንዘባችንን አያወጣም የምለው። «ሃው አር ዩ፣ አይ አም ፋይን» የሚል የ2ኛ ክፍል ልጅ ደስ ይላል፣ እንግዳ ፊት ያኮራል። የ7ኛ ክፍልን የሳይንስ መጽሐፍ ግን አያስከፍተውም። ልጁ የሚወድቀው እዚያ ነው፤ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ነው እጅ መዘርጋት ያለብን።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትንም ሁላችሁም ሰምታችኋል። በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። የቋንቋ ጣጣ ብቻ ነው አልልም፤ የመምህሩም፣ የመጽሐፉም፣ የጦርነቱም፣ የረሃቡም ነገር አለበት። ነገር ግን ጥያቄውን ሳይረዳ መልሱን የሚያገኝ ልጅ የለም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ በእንግሊዝኛ ምን ልረዳው?» የምትሉ አላችሁ። እንግሊዝኛውን ለመምህሩ ተዉለት። እናንተ በቋንቋችሁ ጠይቁት። ማታ ራት ሲቀርብ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ «ምንም» ይላችኋል። «ዛሬ የተማርከውን አንዱን ነገር ለእኔ በሚገባኝ አስረዳኝ» በሉት።

ከአባሎቻችን አንዷ፣ እንጀራ ጋግራ የምታቀርብ እናት ናት፣ ከ3ኛ ክፍል ነው ያቆመችው፣ ልጇ «ኮንደንሴሽን፣ ኮንደንሴሽን» እያለች ስትሸመድድ ትሰማለች። «ምንድን ነው እሱ?» ትላታለች። ልጅቷ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሙሉውን ወረደችላት። «በእኛ አገር ቋንቋስ?» ስትላት ዝም። «በይ ነገ መምህሩን ጠይቀሽ ነይና ንገሪኝ፣ እኔም ልወቀው» አለቻት። በማግስቱ ልጅቷ ቦርሳዋን ሳታወርድ «እማዬ፣ ምጣዱ ክዳን ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ እኮ ነው!» ብላ ገባች። እንፋሎቱ ክዳኑን ሲነካ ቀዝቅዞ ውኃ የሚሆነውን ማለቷ ነው። ያቺ እናት አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አላስተማረችም። ልጅቷ ግን ያንን ቃል ከእንግዲህ የምትረሳው አይመስለኝም።

በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ልጅ አማርኛ ሲናገር ከተገኘ የሚቀጣበት አሠራር እንዳለ አንዳንዶቻችሁ ነግራችሁኛል፤ ቤት ውስጥም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ልጆቻችሁን ለማናገር የምትሞክሩ አላችሁ። እባካችሁ ተዉት። ልጁ ከእናንተ መስማት ያለበት የሞላ ቋንቋ ነው፤ ተረቱን፣ ነገር ማገናዘቡን፣ «ለምን» ማለቱን። አንዱን ነገር በአንድ ቋንቋ በደንብ የተረዳ ልጅ በሌላው ቋንቋ የሚጎድለው ስሙ ነው።

ስሙን እንዴት ይያዝ ለሚለው፣ ያው የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና መዝገብ አመጣሁላችሁ። አንድ ደብተር፣ ገጹ በሦስት ዓምድ ይሰመራል። በመጀመሪያው የእንግሊዝኛው ቃል፣ በሁለተኛው አማርኛው ወይም የቤቱ ቋንቋ፣ በሦስተኛው ልጁ ከራሱ ኑሮ ያመጣው ምሳሌ ይጻፋል። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ቃሉ ገና አልገባውም ማለት ነው፤ ሒሳቡ አልተዘጋም። በቀን 5 ቃል ይበቃል። ከሁሉም አስቀድሞ የጥያቄ ቃላቱ ይመዝገቡ፤ «ዲፋይን» ሲል ትርጉሙን ስጥ፣ «ሊስት» ሲል ዘርዝር፣ «ኮምፔር» ሲል አወዳድር፣ «ኤክስፕሌይን» ሲል አብራራ ማለት መሆኑን ሳያውቅ ዘርዝር የተባለውን ሲያብራራ ጊዜው የሚያልቅበት ልጅ ብዙ ነው።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር ልበል፣ በፍቅር ተቀበሉኝ። የምትልኩልን መጻሕፍት መደርደሪያችንን አሳምረውታል፤ እናመሰግናለን። አብዛኞቹ ግን እንግሊዝኛ አፉን ለፈታ ልጅ የተጻፉ ናቸው፣ ልጆቻችን ሥዕሉን አይተው ይመልሷቸዋል። በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን የተጻፉ ብታገኙልን ይሻለናል፤ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ያሳተሙት «ሲሊ ማሞ» እንዲህ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የቀረበ ነው። ልጁ በግራው አንብቦ ታሪኩን ይይዛል፣ በቀኙ ሲያነብ አይጠፋበትም። እናትም በአማርኛው ታነብለታለች። ደግሞ ትልቅ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት አንድም የለንም።

በሁለተኛው ሐሳብ መሠረት የምናወጣው እንዲህ ነው። በክረምት፣ 6ኛ ክፍልን ለጨረሱት፣ በሳምንት ሦስት ቀን የሒሳብና የሳይንስ መምህር ይቀጠራል። አዲስ ትምህርት አያስተምርም፤ በአማርኛ የተማሩትን እያስታወሰ በእንግሊዝኛ ስሙን ያስይዛቸዋል። መስከረም ላይ ወደ ቅዳሜ ከሰዓት ይዞራል። መምህሩ አማርኛ አትናገሩ የሚል እንዳይሆን በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ። ደብተርና መዝገበ ቃላት ተጨምሮበት፣ ወጪው ከንግግር አስተማሪው ደመወዝ አይበልጥም፤ ዝርዝሩን አዘጋጅቻለሁ፣ ለጉባኤው ይበተናል። የትንንሾቹ ነገር ያሳሰባችሁ እናቶች ካላችሁ እጃችሁን አውጥታችሁ ተናገሩ፣ ዛሬ የመጣነው ለዚህ ነው።

ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ያላችሁ የልጃችሁን ስም ከመውጣታችሁ በፊት እኔ ጋ አስመዝግቡ። የቤታችሁ ቋንቋ ሌላ ከሆነ እሱንም ንገሩኝ፣ የደብተሩ ሁለተኛ ዓምድ በዚያው ይሰመርለታል።