የመስኮት ሥራ በትርፍ ሰዓት

እሷ፦ ዛሬ መስኮት ማጠብ ገቢ ይሆናል ወይ ብለን እንጠይቅ።

እሱ፦ ጋይንት ላይ? ገጠሩ እኮ መስኮቱ እንጨት ነው!

እሷ፦ ልክ ነህ፣ ስማዳና እስቴም ገጠሩ ያው ነው። ነፋስ መውጫን ግን እያት፤ ከወረታ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ሱቁ፣ ባንኩ፣ ሆቴሉ መስታወት ገጥሟል።

እሱ፦ መስታወቱስ አለ፤ ከፋዩ?

እሷ፦ ክረምቱ ሲወጣ፣ ለፋሲካ፣ ሠርግ ሲደርስ ይገኛል። ዓመቱን ሙሉ ግን አይሠራም።

እሱ፦ እንግዲያው ኑሮ አይሆንም። ላይ ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው፤ ወጣቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳል። በባልዲ ውሃ ያንን ትተኪያለሽ?

እሷ፦ አልተካም! ተማሪ ቅዳሜ ከሰዓት ደብተር መግዣ ካገኘ ይበቃዋል።

እሱ፦ እሱስ ይሁን። ብርዱስ? ከተማዋ ያለችው ወደ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ማለዳ ውሃው እጅ ይቆርጣል።

እሷ፦ ማለዳ ማን አለ? ረፈድ ሲል ነው። ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበትን መስታወትም መተው ነው፤ ሳሙናው ሳይጠረግ ይደርቅና መስመር ይጥላል። መጀመሪያ አቧራው በደረቅ ጨርቅ ይነሳል፣ ከዚያ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ በመጨረሻ በጎማ መጥረጊያ ከላይ ወደ ታች።

እሱ፦ አዲስ አበባ የንግድ ባንክ ሕንፃ 209 ሜትር ነው። እሱንም በትርፍ ሰዓት?

እሷ፦ ኧረ በስመአብ! እሱ የሠለጠነ ባለሙያና የደህንነት ቀበቶ ይፈልጋል። የእኛ ልጆች ከምድር ቤት አይውጡ።

እሱ፦ ዋጋውስ?

እሷ፦ በቁርጥ፣ ባልዲው ሳይሞላ።