የምድር ዘመን ከድንጋይ እንደሚነበብ



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት፥ የሳይንስ ሊቃውንት የድንጋይንና ወደ ድንጋይ የተለወጠን አጥንት ዕድሜ በምን ዘዴ እንደሚያውቁ፥ የምድርንም ረዥም ታሪክ በምን ምክንያት በየዘመኑ እንደሚከፍሉት ነው። ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። አገራችን በዚህ ጥናት በዓለም ሁሉ የታወቀች ናትና፤ ምስክሩም የሚገኘው ልጆቻችን ከብት በሚጠብቁበት ገደልና ወንዝ ውስጥ ነው። በንግግሬ የምጠቅሰው ዓመት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ብዙ ሰው «ማንም ባልነበረበት ጊዜ የሆነውን የሚሊዮን ዓመት ነገር ማን አይቶ መሰከረ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚገባ ነው። ነገር ግን ዳኛ የሚፈርደው በዓይን ምስክር ብቻ አይደለም፤ ዱካውንም ምልክቱንም ይመረምራል። የብራና መጽሐፍ እንኳ የተጻፈበት ዓመት ባይገለጽበት፥ ዐዋቂ የሆነ ሰው የፊደሉን ቅርጽ አይቶ፥ በውስጡ የተጠራውን የንጉሥ ስም ተመልክቶ ዘመኑን ይለያል። የድንጋይም ነገር እንዲሁ ነው። ሊቃውንቱ የሚጠይቁት ሁለት ጥያቄ ነው፤ መጀመሪያው «የትኛው ይቀድማል?» ሁለተኛው «ስንት ዓመት ሆነው?» የሚል ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ ኒኮላስ ስቴኖ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በ1669 አስረዳ። ጭቃና አሸዋ በውሃ ውስጥ ሲረጋ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየተደረበ ይሄዳል፤ ስለዚህ በኋላ የገለበጠው ነገር ከሌለ የታችኛው ንጣፍ ከላይኛው ይቀድማል። በአውድማ እንደ ተከመረ ነዶ ነው፤ ከሥር ያለው አስቀድሞ የተቀመጠው ነውና።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ለመሻገር የዓባይን በረሃ የሚወርድ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። በአፋፉ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከምድር ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ የረጋ ነው፤ ዕድሜውም ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከርሱ በታች አሸዋ ድንጋይ አለ። ከዚያም በታች የባሕር ፍጥረታት ዛጎል ያለበት የኖራ ድንጋይ ይገኛል፤ የዚህም ዕድሜ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ከኖራው ድንጋይ በታች ጀሶ፥ ከጀሶውም በታች ሌላ አሸዋ ድንጋይ አለ። እንግዲህ ቍልቍል የወረደ ሰው ወደ ጥንት ዘመን ይወርዳል፤ ዛሬ ደጋ የሆነው አገር ዱሮ ባሕር ተኝቶበት እንደ ነበረ ዛጎሉ ይመሰክራል። ነገር ግን በላይኛው አሸዋ ድንጋይና በጥቁሩ ድንጋይ መካከል የብዙ ሚሊዮን ዓመት ንጣፍ ጎድሏል፤ ዝናምና ጎርፍ ጠርጎ ወስዶታልና። ቅጠሉ የተቀደደ መጽሐፍ ከሌላ ቅጂ ጋራ ተስተያይቶ እንደሚሟላ፥ የአንዱ አገር ንጣፍም ከሌላው አገር ጋራ ተስተያይቶ ይሟላል።

ይህን ማስተያየት ያስተማረው ዊልያም ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሬት ቀያሽ ነው። ለጀልባ መመላለሻ የሚሆን ቦይ በሚቈፈርበት ስፍራ ሲሠራ፥ እያንዳንዱ ንጣፍ የራሱ ዓይነት ቅሪተ አካል እንዳለው አስተዋለ። ቅሪተ አካል ማለት በድንጋይ ውስጥ ተጠብቆ የቀረ የጥንት እንስሳ ወይም ተክል አካል፥ ወይም የርሱ ምልክት ነው። ስሚዝም በዚህ እየተመራ የእንግላንድንና የዌልስን የድንጋይ ካርታ በ1815 አሳተመ። ለጥቂት ዘመን ብቻ የኖረ፥ ነገር ግን በብዙ አገር የተሠራጨ ፍጥረት በሁለት ሩቅ ስፍራዎች ሲገኝ፥ የሁለቱ ንጣፎች ዘመን ተቀራራቢ መሆኑ በርሱ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ግን ቅደም ተከተልን እንጂ የዓመትን ቍጥር አይነግርም። ለቍጥሩ መንገድ የተከፈተው ሄንሪ ቤክሬል የተባለ ፈረንሳዊ በ1896 ከዩራኒየም የማይታይ ጨረር እንደሚወጣ ባገኘ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች በገዛ ራሳቸው ወደ ሌላ ንጥረ ነገር እንደሚለወጡ፥ የመለወጣቸውም ፍጥነት ለእያንዳንዱ የተወሰነ መሆኑ ታወቀ። ለምሳሌ በጎተራ 16 ቍና እህል ቢኖርና በተወሰነ ዘመን ግማሹ ቢለወጥ 8 ይቀራል፤ ሁለተኛ ያን ያህል ዘመን ሲያልፍ 4፥ ሦስተኛም ሲያልፍ 2 ይቀራል። እንግዲህ የቀረውንና የተለወጠውን የሰፈረ ሰው ስንት ዘመን እንዳለፈ ያውቃል።

ፖታሲየም 40 የተባለው ንጥረ ነገር ግማሹ እስኪለወጥ 1,250 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፤ ከሚለወጠውም ከፊሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። እሳተ ገሞራ በሚፈነዳበት ጊዜ ድንጋዩ ቀልጦ ስለሚገኝ ጋዙ አምልጦ ይወጣል። ከበረደና ከጠነከረ በኋላ ግን አዲስ የሚፈጠረው አርጎን በጠጠሩ ውስጥ ታስሮ ይከማቻል። ስለዚህ ቍጥሩ የሚጀምረው ድንጋዩ ከበረደበት ጊዜ ነው። ጠጠሩ በዝናም የተበላሸ ወይም ዳግመኛ የጋለ እንደ ሆነ ውጤቱ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ ብዙ ጠጠር ለይተው ይመረምራሉ፥ የተለያየም ዘዴ እያስተያዩ ያረጋግጣሉ። የአጥንትንና የእንጨትን ዕድሜ በቀጥታ የሚለካው የካርቦን 14 ዘዴ ግን፥ ግማሹ በ5,730 ዓመት ስለሚለወጥ፥ ከ50,000 ዓመት ገደማ በላይ ለሆነ ነገር አያገለግልም።

እንግዲህ ዋናውን ነገር አስተውሉ። እጅግ የጥንት አጥንት ዕድሜውን ራሱ አይናገርም፤ የሚናገሩለት ከበላዩና ከበታቹ ያሉት ንጣፎች ናቸው። ድንቅነሽ የምትባለው ቅሪተ አካል በ1974፥ በእኛ አቈጣጠር ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ በአፋር ምድር ሐዳር በሚባል ስፍራ ተገኘች። ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነው ዕድሜዋ የታወቀው አጥንቷን በመለካት ሳይሆን፥ በአጠገቧ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ጠጠር ለቅሞ በመመርመር ነው። በኦሞ ወንዝ አገር ኪቢሽ በሚባል ስፍራ በ1967 የተገኘው የሰው አጥንትም እንዲሁ ነው። በ2005 ዕድሜው 195,000 ዓመት ገደማ እንደ ሆነ ተነገረ። በ2022 ግን ሌሎች ሊቃውንት ከአጥንቱ በላይ ያለውን አመድ መርምረው፥ ዛሬ የሻላ ሐይቅ ካለበት ስፍራ ፈንድቶ የመጣ መሆኑን አገኙ። የፍንዳታውም ጊዜ ስለ ታወቀ፥ ከአመዱ በታች የተቀበረው አጥንት ከ230,000 ዓመት እንደማያንስ ተረዳ። አዲስ ምስክር ሲመጣ ፍርዱን ማቅናት ለሳይንስ ነውር አይደለም።

የምድር ታሪክ አከፋፈልም ከዚሁ ይወጣል። ክሌር ፓተርሰን የተባለ አሜሪካዊ ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች ውስጥ ያለውን እርሳስ መርምሮ፥ የምድር ዕድሜ ወደ 4,550 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን በ1956 አስታወቀ። ይህም እስከ ዛሬ ብዙ አልተለወጠም። ሊቃውንቱ ይህን ዘመን እኩል እኩል አድርገው አልከፈሉትም። ታሪክ ጸሐፊ በየነገሥታቱ ዘመን ሲከፍል አንዱ ረዥም ሌላው አጭር እንደሚሆን፥ እነርሱም የሕይወት መልክ በተለወጠበት ስፍራ ድንበር አደረጉ። ከ539 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ያለው በሦስት ይከፈላል። ፓሌኦዞይክ ማለት የጥንት ሕይወት ዘመን እስከ 252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይደርሳል፤ በመጨረሻው በባሕር ከነበሩት የፍጥረት ዓይነቶች እጅግ የሚበዙት ጠፉ። ሜሶዞይክ ማለት የመካከለኛ ሕይወት ዘመን እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ የዓባይ የኖራ ድንጋይ የተነጠፈው በዚህ ዘመን ነው፤ በፍጻሜውም ታላላቆቹ ዳይኖሰሮች አለቁ። ሴኖዞይክ ማለት የአዲስ ሕይወት ዘመን ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ ያለው ነው። ከሦስቱ በፊት ያለው ግን ከጠቅላላው ዘመን ስምንት እጅ ቢከፈል ሰባቱን እጅ ያህል ይይዛል።

ክቡራን ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚወጣው ግዴታ ይህ ነው። እረኛ ልጅ በወንዝ ዳር ወደ ድንጋይ የተለወጠ አጥንት አግኝቶ ወደ ትምህርት ቤት ይዞ ቢመጣ፥ አጥንቱ ቢተርፍም ምስክሮቹ ከኋላው ቀርተዋል። ከየትኛው ንጣፍ እንደ ወጣ ካልታወቀ፥ ታላቅ ሊቅ ቢመጣም ዕድሜውን ለመንገር ይቸገራል። ለገበያ ብሎ የሚነቅለው ደግሞ የአገሩን ታሪክ በጥቂት ብር ይሸጣል። ስለዚህ መምህራን ልጆቹን ወደ ቅርብ ገደል ወስዳችሁ ንጣፎቹን ከታች ወደ ላይ ያስቈጥሩ ዘንድ፥ በደብተራቸውም ይሥሉ ዘንድ አስተምሩ። ሽማግሌዎችም እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ማንም እንዳይነካው ከልክላችሁ፥ ስፍራውን ምልክት አድርጋችሁ፥ ያገኘውን ሰው ስምና ቀኑን አስጽፋችሁ፥ ቅርስ ለሚጠብቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታስታውቁ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።