የቴሌኮም ፈቃድ ምን ይሰጣል? ምንስ አይሰጥም?



የዛሬውን ርዕስ የሰጠኝ አንድ ተማሪዬ ነው። ባለፈው ዓመት በአስተዳደር ሕግ ክፍለ ጊዜ እጁን አነሣና «መምህር፣ ሳፋሪኮም 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የገዛው ነገር በትክክል ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «ፈቃድ ነዋ» ብዬ ለማለፍ ሞከርሁ። ነገር ግን ቃሉን ከተናገርሁት በኋላ መልስ እንዳልሰጠሁ ገባኝ። ጥያቄውን ቤቴ ይዤው ሄድሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ ወዲህ ያሰብሁትን ነው።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። በአገራችን ቴሌኮም ለረጅም ዘመን የመንግሥት ብቻ ነበር። ነሐሴ 2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ያን ዘመን ዘጋው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ለግል ባለሀብትም በር ከፈተ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ዋጋ አሸነፈ፤ ኤምቲኤን ያቀረበው የ600 ሚሊዮን ዶላር ዋጋ ግን ተቀባይነት አላገኘም። ፈቃዱ ለ15 ዓመት የሚቆይና የሚታደስ ነው።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ገንዘብ የከፈለ ሰው ንብረት ገዛ እንላለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የግል ንብረትን ሲተረጉም ግን ሰው በድካሙ፣ በፈጠራው ወይም በካፒታሉ ያፈራውን ዋጋ ያለው ነገር ነው የሚለው። የሬዲዮ ሞገድን ማንም አላፈራውም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሕገ ደንብ በአንቀጽ 44 ፍሪኩዌንሲን ውሱን የተፈጥሮ ሀብት ይለዋል። የእኛ ሕገ መንግሥት ደግሞ በዚያው በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። ሁለቱን ድንጋጌዎች አጣምሬ ስነብባቸው የምደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው፤ ፈቃድ ያዡ ሞገዱን አልገዛም፤ ለተወሰነ ዘመን በተወሰነ ሁኔታ የመጠቀም መብት አገኘ እንጂ። የመሬት ይዞታን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ከዚህ ተቀራራቢ ሐሳብ ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 2012 ፍርድ ቤቱ በ2008 የተሰጡ 122 የቴሌኮም ፈቃዶችን በአንድ ውሳኔ ሰረዘ። ምክንያቱ «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይወስዳል» የሚለው አሠራር የሕዝብን ሀብት ያለ አግባብ አሳልፎ ሰጥቷል የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ከኩባንያዎቹ ብዙዎቹ ገንዘብ ከፍለዋል፤ አንዳንዶቹም መረብ ዘርግተው ነበር። ፈቃዱ ከሥሩ የተበላሸ ከሆነ የፈሰሰው ገንዘብ አያድነውም። ይህ ውሳኔ ለባለሀብት የሚያስፈራ መሆኑን አልክድም፤ ለኔ ግን የሚያስፈራው ውሳኔው ሳይሆን ወደዚያ ያደረሰው አሰጣጥ ነው።

ፈቃዱ ንብረት ካልሆነ ውል ነውን? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 3207 ጀምሮ የሕዝብ አገልግሎት ኮንሴሲዮን ስለሚባል ውል ይደነግጋል፤ አንድ ሰው የሕዝብን አገልግሎት ሊያካሂድ ይገባል፤ ዋጋውንም ከተገልጋዩ ይቀበላል። ከቴሌኮም ፈቃድ ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል አያችሁ? ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በአስተዳደር ውል መንግሥት ግዴታውን በብቸኛ ፈቃዱ ቢቀይርም የባለ ውሉን የገንዘብ ሚዛን የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። በፈቃድ ግን ተቆጣጣሪው በመመሪያ ግዴታ ሲጨምር ባለፈቃዱ ካሣ ልጠይቅ ማለቱ አስቸጋሪ ነው። የእኔ አቋም ፈቃዱ ሁለቱንም ጠባይ የያዘ ነው የሚል ነው። በጨረታ የተወሰነው ዋጋና ዘመን የውል ጠባይ አላቸው፤ ስለ ጥራት፣ ስለ ደኅንነትና ስለ ደንበኛ ጥበቃ የሚወጣው ግን የቁጥጥር ሥልጣን ነው። ባልደረቦቼ በዚህ እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ ባለፈው ሳምንት በሻይ ሰዓት በቂ ተከራክረናል።

ለዚህ ክርክር ጥሩ መፈተኛ የሚሆነን የሞባይል ገንዘብ ጉዳይ ነው። ጨረታው ሲካሄድ ፈቃዱ የሞባይል ገንዘብን አያካትትም ነበር። ኋላ ሕጉና ፖሊሲው ተለውጦ ኩባንያው ከብሔራዊ ባንክ ለብቻው ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. ኤምፔሳን ጀመረ። ሁለት ተቆጣጣሪዎች፣ ሁለት ፈቃዶች መሆናቸውን አስተውሉ። መረቡን የመዘርጋት መብት በመረቡ ላይ የሚሮጠውን ሁሉ የማካሄድ መብት አይደለም። ተማሪዎች በፈተና የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሌላም ጥያቄ አለ፤ በጨረታው የተሸነፈው ተወዳዳሪ አገልግሎቱ ሊፈቀድ እንደሚችል ቢያውቅ ኖሮ ዋጋውን ከፍ ያደርግ ነበርን? ሕጋዊ ክስ ባይሆንም የእኩልነት ጥያቄ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለባንክ የምትሠሩትን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ከ1148 በፊት ያለው ቁጥር 1147 ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና የወጣው አዋጅ ነው፤ ቁሳዊ ያልሆኑ መብቶችም መያዣ እንዲሆኑ በር ከፍቷል። ፈቃድን በመያዣ ልትቀበሉ ስታስቡ ግን ያለ ባለሥልጣኑ ስምምነት ወደ ሌላ እንደማይተላለፍ አትርሱ። ለሽያጭ ያለ ፈቃድ የማይቀርብ መያዣ ለአበዳሪ ምን ያህል ዋስትና እንደሆነ እናንተው አስሉት።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ፤ ቃል በቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አጎቴ ዘንድ ገጠር ሄጄ በእርሻው ዳር አንድ ኦፕሬተር ምሰሶ ተክሎ አገኘሁ። አጎቴ የፈረመውን ወረቀት አሳየኝ። ኪራዩ ተጽፏል፤ የጥገና መኪና በእህሉ መካከል የሚያልፍበት ነገር ግን አንድም ቃል የለም። «ፈቃድ አላቸው ተብለን እኮ ነው የፈረምነው» አለኝ። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። የቴሌኮም ፈቃድ በማንም ይዞታ ላይ የመግባት መብት አይሰጥም። ባለይዞታው ሊስማማ ይገባል፤ ካልተስማማም ለሕዝብ ጥቅም ማስለቀቅ የመንግሥት ሥልጣን ነው፤ ተመጣጣኝ ካሣም በቅድሚያ ይከፈላል። ዝርዝሩን አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ታገኙታላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለውኃ፣ ለመብራትና ለመሰል መስመሮች በሰው መሬት ላይ ማለፍን በካሣ ይፈቅዳል። አንዳንዶች ይህን ለቴሌኮምም ይጠቅሱታል። ለሚያልፍ ሽቦ ምናልባት ያስኬድ ይሆናል፤ ዘመን ቆሞ ለሚኖር ምሰሶ ግን የሚያስኬድ አይመስለኝም። አጎቴ ውሉን አሻሽሎ የመተላለፊያ ክፍያ ጨምሯል፤ ይህንንም ያደረገው ሕግ አንብቦ ሳይሆን የመንደሩን ሽማግሌዎች ይዞ በመሄድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝን ለመጨረሻ ያስቀመጥሁት ሆን ብዬ ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ኦፕሬተሩ የመንግሥት ብቻ በነበረበት ጊዜ የመዝጋት ትዕዛዝ በአንድ ቤት ውስጥ የሚተላለፍ ጉዳይ ነበር፤ ማን ለማን እንዳዘዘ ለመጠየቅ እንኳ መንገድ አልነበረም። የግል ባለፈቃድ ሲገባ ግን ትዕዛዙ ከአንድ ሕጋዊ ሰው ወደ ሌላው ይሻገራል። በዚያ መሻገሪያ ላይ ነው ሕግ የሚሠራው። ትዕዛዙ በጽሑፍ ነውን? የሰጠው ማን ነው? ለምን ያህል ጊዜ ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ሲገድብ ገደቡ በሕግ የተወሰነ እንዲሆን ይጠይቃል። በቃል የተነገረ ትዕዛዝ ሕግ አይደለም። ባለፈቃዱ የማይፈጽመው ከሆነ ፈቃዱን ይፈራል፤ ከፈጸመው ደግሞ ደንበኛው መድኃኒት ለማዘዝ፣ የወለደች ልጁ ደኅንነትን ለመስማት ስልክ አጥቶ ይቀመጣል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ለአስተዳደር ውሳኔ ምክንያት እንዲሰጥና በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ ከፍቷል። ይህን መንገድ በአገልግሎት መዝጋት ጉዳይ የመጀመሪያው የሚሆን ጠበቃ ከዚህ አዳራሽ ይወጣ ይሆናል።

አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤምቲኤን ከ5 ሚሊዮን በላይ ያልተመዘገቡ ሲም ካርዶችን ባለመዝጋቱ 5.2 ቢሊዮን ዶላር ቀጣችው፤ በ2016 በድርድር ወደ 330 ቢሊዮን ናይራ ወረደ። የፈቃድ ግዴታ ሲጣስ የሚጣለው ቅጣት በጠረጴዛ ላይ በድርድር ይህን ያህል ከወረደ፣ ቀድሞውኑ በምን ልኬት ተሰላ? ጥያቄውን ለእናንተ ትቼ መድረኩን ለውይይት ልልቀቅ። ከኋላ ረድፍ እንጀምር፤ ማይክሮፎኑን አቀብሏቸው።